ትራከር ማገድ፦ አንድ ኤክስቴንሽን ጭኖ በወጉ ማስተካከል

አንድ የዜና ድረ-ገጽ ስትከፍቱ ብሮውዘራችሁ የሚያናግረው የዜናውን ባለቤት ብቻ አይደለም። ጽሑፉና ፎቶው ከአንድ ሰርቨር ይመጣል። ከበስተጀርባ ግን የማስታወቂያ ድርጅት ስክሪፕት፣ የጎብኚ ቆጣሪ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ቁልፍና ዓይን የማያየው፣ 1 በ1 ፒክስል የሆነ ምስል አብረው ይጠራሉ። እያንዳንዱ ጥሪ የአይፒ አድራሻችሁንና የትኛው ድረ-ገጽ ላይ እንዳላችሁ ይዞ ይሄዳል፤ ቀድሞ የተቀመጠ ኩኪ (ድረ-ገጽ ብሮውዘሩ ውስጥ የሚተወው ትንሽ ማስታወሻ) ካለም የኩኪውን መለያ ቁጥር ይጨምራል። ያው ድርጅት ብዙ ሌሎች ድረ-ገጾች ላይም ስላለ፣ ጠዋት ስለ ስኳር በሽታ ያነበበውና ማታ ስለ ብድር ወለድ የፈለገው ሰው አንድ መሆኑን ያውቃል። ስማችሁን ማወቅ አያሻውም፤ ቁጥሩ ይበቃዋል። ትራከር የሚባለው ይህ ነው።

ትራከር የሚያግድ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ የሚደረብ ትንሽ ፕሮግራም፣ ጥሪው ከብሮውዘሩ ሳይወጣ አድራሻውን ከዝርዝር ጋር አመሳክሮ ያስቀረዋል። ያልተደረገ ጥሪ ኩኪ አያስቀምጥም፣ አይፒም አያሳይም። በዚያው ገጹ ቶሎ ይከፈታል፤ ዳታም ይተርፋል። መጫኑ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የሚከብደው የቱን እንደምትጭኑ፣ ምኑን እንደምትነኩ፣ አንድ ገጽ አልሠራ ሲል ደግሞ ሁሉንም ሳታጠፉ እንዴት እንደምትፈቱት ማወቁ ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በመጨረሻው ላይ ነው፦ አንድ ቀን ክፍያ መሀል ላይ ይቋረጥበታል፣ ተናዶ ኤክስቴንሽኑን ያጠፋል፣ በዚያው ይረሳዋል።

ብሮውዘሩ ይቀድማል

ኤክስቴንሽን ብሮውዘሩ ከፈቀደለት አያልፍም። ማኒፌስት 2 በሚባለው አሮጌ አሠራር ኤክስቴንሽኑ እያንዳንዱን ጥሪ ራሱ አይቶ ይወስን ነበር። ማኒፌስት 3 ላይ ግን የማገጃ ደንቦቹን ቀድሞ ለብሮውዘሩ ያስረክባል፤ የሚያመሳክረው ብሮውዘሩ ነው። ክሮም አሮጌውን አሠራር በ2025 ሙሉ በሙሉ አቁሟል። ስለዚህ በዘርፉ የላቀው ማገጃ ዩብሎክ ኦሪጅን ዛሬ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ የሚሠራው ፋየርፎክስ ላይ ነው፤ ክሮም ላይ ያለው ታናሽ ወንድሙ ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት ነው።

ልዩነቱ አንድ ምሳሌ ላይ ጎልቶ ይታያል። አንዳንድ የትራከር ድርጅቶች የራሳቸውን ስም ደብቀው ከምትጎበኙት ድረ-ገጽ ስም ሥር ይገባሉ። ድረ-ገጹ የድረ-ገጽ ስምን ከሰርቨር አድራሻ ጋር በሚያገናኘው የዲኤንኤስ መዝገቡ ላይ አንድ ንዑስ ዶሜይን፣ ማለትም በራሱ ስም ሥር ሌላ ስም፣ ይከፍትና ወደ ድርጅቱ ሰርቨር ያዞረዋል። ብሮውዘሩ ሲያየው የቤተሰብ አባል ይመስለዋል። ፋየርፎክስ ለኤክስቴንሽኖች የዲኤንኤሱን መልስ ስለሚያሳይ ዩብሎክ ኦሪጅን ጭምብሉን ገልጦ ትክክለኛውን ስም ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል። ክሮም ይህን መስኮት ለኤክስቴንሽኖች አልከፈተም።

ብሮውዘር መቀየር የምትችሉ ከሆነ ፋየርፎክስ ያዙ። ሥራችሁ ክሮም ላይ የሚያስቀራችሁ ከሆነም ላይትን አትናቁ፤ ተራውን ትራከር በብዛት ያስቀራል። ብሬቭ የሚባለው ብሮውዘር የራሱ ማገጃ አብሮት ስለሚመጣ ሌላ መደረብ አያስፈልገውም። ሳፋሪ ከ2020 ጀምሮ የሌላ ድርጅት ኩኪን ሙሉ በሙሉ ያግዳል፤ ስክሪፕቱን ማስቀረት ግን ሌላ ነገር ስለሆነ እዚያም ማገጃ ይጠቅማል።

ፋየርፎክስ ራሱም ባዶ እጁን አይደለም። ከ2022 ጀምሮ ኩኪን ለየድረ-ገጹ በተለየ መሳቢያ ስለሚያስቀምጥ፣ አንድ ትራከር እዚህ የተወውን ቁጥር እዚያ አያገኘውም። ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ስትገቡ ስታንዳርድ፣ ስትሪክት እና ከስተም የሚሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ። መጀመሪያ ላይ ስታንዳርድ ላይ ተዉት። ከመነሻው ስትሪክት አድርጋችሁ ኤክስቴንሽንም ከደረባችሁ፣ ገጽ ሲበላሽ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ ለማወቅ ትቸገራላችሁ። ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ካለፈ በኋላ ወደ ስትሪክት ከፍ አድርጉት፤ ያለ ኩኪ በብሮውዘሩ ልዩ ባሕርያት ሰውን ከሚለየው የብሮውዘር አሻራ የሚጨምረው መከላከያ አለ።

አጫጫኑ

ፋየርፎክስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤ አንድ ላይ ስትጫኑ የአድ-ኦን ገጽ ይከፈታል። መፈለጊያው ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን ብላችሁ ጻፉ። «ኦሪጅን» የሚለው ቃል የግድ ነው፤ ባዶውን «ዩብሎክ» የሚባለው ሌላ ኤክስቴንሽን ነው፣ ባለቤቱም ሌላ ነው። የአልሚው ስም ሬይመንድ ሂል መሆኑን አይታችሁ ጫኑ። ከመፈለጊያ ድረ-ገጽ ላይ ማስታወቂያ ተከትላችሁ አትጫኑ፤ ተመሳሳይ ስምና አርማ ለጥፎ ሰው የሚያጠምድ አይጠፋም።

ከጫናችሁ በኋላ ሦስት ነገሮች ይቀራሉ። አንደኛ፣ የእንቆቅልሽ ቁራጭ የምትመስለውን አይከን ከፍታችሁ ዩብሎክን ከላይ ባለው አሞሌ ላይ ሰኩት። ካልታየ አትጠቀሙበትም።

ሁለተኛ፣ ፋየርፎክስም ክሮምም ካልፈቀዳችሁ በስተቀር ኤክስቴንሽንን በፕራይቬት መስኮት ውስጥ አያሠሩም። ሰው ሊደብቀው የፈለገውን ነገር የሚከፍተው እዚያ መሆኑ ነው የሚገርመው። ፋየርፎክስ ላይ አድ-ኦን ገጽ ገብታችሁ፣ ዩብሎክን ከፍታችሁ፣ ራን ኢን ፕራይቬት ዊንዶውስ የሚለውን አላው አድርጉት። ክሮም ላይ በኤክስቴንሽኑ ዲቴይልስ ውስጥ አላው ኢን ኢንኮግኒቶ የሚለው ነው።

ሦስተኛ፣ ያረጀውን ኩኪ አንድ ጊዜ አጽዱ። ኤክስቴንሽኑ አዲስ ጥሪ ያግዳል እንጂ ላለፉት ዓመታት የተከማቸውን የመለያ ቁጥር አይሰርዝም። ሴቲንግስ፣ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ክሊር ዳታ። ይህን ስታደርጉ ከሁሉም አካውንት ትወጣላችሁ፤ የይለፍ ቃላችሁን የማታስታውሱት ካለ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ዝርዝሮቹን መምረጥ

የዩብሎክን አይከን ጠቅ አድርጋችሁ የጥርስ ጎማውን ምልክት ስትነኩ ዳሽቦርዱ ይከፈታል። ፊልተር ሊስትስ የሚለው ታብ ላይ ረጅም የማጣሪያ ዝርዝር ታያላችሁ። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሠራው ስህተት ሁሉንም ሳጥን ምልክት ማድረግ ነው። ዝርዝሮቹ በብዛት ይደራረባሉ፤ በጨመራችሁ ቁጥር የሚጨምረው ጥበቃው ሳይሆን የሚበላሸው ገጽ ነው። ከነበረው ላይ የሚጨመሩት ሁለት ብቻ ይበቃሉ።

ኢዚሊስት እና ኢዚፕራይቨሲ ከመጀመሪያው ምልክት ተደርጎባቸው ይመጣሉ፤ አትንኳቸው። ፕራይቨሲ በሚለው ክፍል ሥር ዩአርኤል ትራኪንግ ፕሮቴክሽን የሚለውን ጨምሩ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የተጫነ ሊንክ ስትከፍቱ አድራሻው መጨረሻ ላይ ከጥያቄ ምልክት በኋላ የሚንዘላዘል የፊደልና የቁጥር ጭራ አይታችሁ ይሆናል። ጭራው ሊንኩን ማን፣ ከየት እንደጫነው ይናገራል። ሊንኩን ለጓደኛ ስትልኩ ጭራው አብሮ ስለሚሄድ፣ እናንተና ጓደኛችሁ እንደምትተዋወቁም ያጋልጣል። ይህ ዝርዝር የታወቁትን ጭራዎች ከአድራሻው ላይ ይቆርጣል። በእጃችሁ ለመቁረጥ ከፈለጋችሁ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለው ሁሉ ትራከር አይደለም፣ በብዙ ድረ-ገጽ ላይ የቪዲዮው ወይም የዕቃው መለያ የሚቀመጠው እዚያው ነው።

ሁለተኛው ኩኪ ኖቲስስ በሚለው ክፍል ሥር ያለው የኩኪ ማስታወቂያ መደበቂያ ነው። «ኩኪ ይቀበላሉ?» የሚለውን ሳጥን ከፊታችሁ ያነሳል። መደበቅ ማለት ግን እምቢ ማለት አይደለም፤ ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ እንጂ። ትራከሩን የሚያስቀረው ኢዚፕራይቨሲ ስለሆነ ይህ ለዓይን እረፍት ነው። አልፎ አልፎ ሳጥኑ ጠፍቶ ገጹ አልንቀሳቀስ ይላል፤ ያኔ ለዚያ ድረ-ገጽ ብቻ መደበቂያውን ታጠፋላችሁ፣ ዓይን የምትመስለዋን ምልክት በመንካት።

ስትጨርሱ አፕላይ ቼንጅስ የሚለውን ከላይ ጠቅ አድርጉ። «ጨመርኩት፣ ምንም አልተለወጠም» የሚል ሰው ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጣራው ይህ ነው።

ላይትን የምትጠቀሙ ከሆነ ሥራው ያነሰ ነው። ቤዚክ፣ ኦፕቲማል እና ኮምፕሊት የሚሉ ደረጃዎች አሉት። ኦፕቲማል ላይ ተዉት፤ አንድ የሚያስቸግር ድረ-ገጽ ካለ ለእሱ ብቻ ወደ ኮምፕሊት ግፉት። ዝርዝሩ የሚታደሰው ኤክስቴንሽኑ ራሱ ሲታደስ ስለሆነ አፕዴትን አትዝጉ።

ምን እንደታገደ ማንበብ

አይከኑ ላይ የምትታየው ትንሽ ቁጥር በዚያ ገጽ ላይ የታገዱ ጥሪዎች ብዛት ናት። ቁጥሯ ብቻዋን ብዙ አትናገርም፤ አንድ ስክሪፕት ሲታገድ በየሰከንዱ ደጋግሞ ስለሚሞክር 200 ሊደርስ ይችላል። የሚጠቅመው አይከኑን ስትከፍቱ ዶሜይንስ ኮኔክትድ ከሚለው አጠገብ ያለው ነው።

«3 ከ21» ይላል እንበል። ገጹ ከ21 የተለያዩ ዶሜይኖች ጋር መገናኘት ፈልጎ የተሳካለት ከሦስቱ ጋር ብቻ ነው ማለት ነው። ሞር የሚለውን ጠቅ ስታደርጉ የዶሜይኖቹ ስም ተዘርዝሮ ይመጣል። ቀይ ያለበት ታግዷል፣ አረንጓዴ ያለበት አልፏል፣ ቢጫ ያለበት ከፊሉ ታግዶ ከፊሉ አልፏል። ካለፉት ሦስቱ አንዱ የድረ-ገጹ የራሱ ስም ነው። ሁለተኛው ስሙ ውስጥ ስታቲክ ወይም ሲዲኤን የሚል ካለበት ምስልና ቅርጽ የሚያቀብል ማከማቻ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ቪዲዮ አጫዋች ይሆናል። በየቀኑ የምትገቡባቸውን አምስት ድረ-ገጾች እየከፈታችሁ ይህን ዝርዝር አንድ ጊዜ ብታነቡ፣ ተመሳሳይ አራት አምስት ስሞች በሁሉም ቦታ ሲመላለሱ ታያላችሁ።

ገጽ ሲበላሽ

ሥርዓቱ አንድ በአንድ መሞከር ነው። መጀመሪያ ገጹን እንደገና ጫኑት፤ ችግሩ የኔትወርክ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በአድራሻው ሳጥን ግራ ያለችውን የፋየርፎክስ ጋሻ ለዚያ ድረ-ገጽ ብቻ አጥፏት። ካልተፈታ ጋሻዋን መልሳችሁ አብሩና የዩብሎክን ትልቁን የማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ ነክታችሁ ገጹን አድሱ። ሁለቱን በአንዴ ካጠፋችሁ የቱ እንደፈታው አታውቁም፤ ሁለቱም ጠፍተው ይቀራሉ።

የዩብሎክ ቁልፍ የሚያጠፋው ለዚያ ድረ-ገጽ ብቻ ነው፤ ግን መልሳችሁ እስክታበሩት ድረስ እንደጠፋ ይቆያል። ኮንትሮልን ይዛችሁ ብትነኩት ለዚያች አንድ ገጽ ብቻ ይጠፋል። ዳሽቦርዱ ላይ ትረስትድ ሳይትስ የሚለው ታብ የጠፋባቸውን ሁሉ ይዘረዝራል። በየወሩ ግቡና እዩት፤ ለአንድ ጊዜ ጉዳይ ተብሎ ተከፍቶ የተረሳ በር እዚያ አይታጣም።

ክፍያ ላይ የሚደርሰው መሰናክል ከሁሉም የሚያስደነግጥ ነው። የካርድ መክፈያ ገጾች የባንኩን ማረጋገጫ ገጹ ውስጥ በተሰካ ሌላ መስኮት ይከፍታሉ፤ መስኮቱ የሌላ ዶሜይን ስለሆነ ጥብቅ ማገጃ ሊያስቀረው ይችላል። ምልክቱ ክበቧ ስትዞር ትቆያለች፣ ማረጋገጫው ግን አይመጣም። ያኔ የክፍያውን ቁልፍ ደግማችሁ አትጫኑ፤ ኤክስቴንሽኑን አጥፍታችሁም ገጹን ወዲያው አታድሱ፣ ትእዛዙ ሁለቴ ሊላክ ይችላል። መጀመሪያ ገንዘቡ መቆረጥ አለመቆረጡን ከባንክ መልእክታችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ዩብሎክን ለዚያ ድረ-ገጽ አጥፍታችሁ ከዕቃ ማስቀመጫው ገጽ እንደገና ጀምሩ። በተለመደው አቀማመጥ ይህ እምብዛም አይደርስም፤ አስቀድሞ መከላከል የሚፈልግ ግን ካርዱን ከማውጣቱ በፊት ነው ቁልፉን የሚነካው።

ከኢሜይል ጋዜጣ ውስጥ ሊንክ ስትነኩ ዩብሎክ ሙሉ ገጹን አግዶ የማስጠንቀቂያ ገጽ ሊያወጣ ይችላል። ሊንኩ በቀጥታ ወደ ጽሑፉ ሳይሆን ማን እንደነካው ወደሚቆጥር ሰርቨር፣ ከዚያ ወደ ጽሑፉ ስለሚሄድ ነው። የማስጠንቀቂያው ገጽ ላይ አድራሻው ተበትኖ ሲታይ እውነተኛው መድረሻ ውስጡ ይነበባል፤ እሱን ገልብጣችሁ ብቻውን ክፈቱት። መድረሻው በኮድ ተሸፍኖ ካልተነበበና ላኪውን ካመናችሁት ለጊዜው ብቻ አሳልፉት እንጂ ለዘለቄታው አትፍቀዱ።

«ማስታወቂያ ማገጃህን አጥፋ» የሚል ግድግዳ ሲገጥማችሁ ፊልተር ሊስትስ ገብታችሁ አፕዴት ናው በሉ፤ ከዚያ ገጹን አድሱ። ድረ-ገጾቹና ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች ሲሯሯጡ ስለሚኖሩ የትናንት ግድግዳ ዛሬ ላይኖር ይችላል። ካልሄደ ከአይከኑ ሥር የንግግር አረፋ የምትመስለውን ምልክት ነክታችሁ ማሳወቅ ትችላላችሁ። ግድግዳውን ለማለፍ ብላችሁ ሁለተኛ ማገጃ ግን አትጫኑ። አንዱ የሚያግደውን ሌላው በሌላ መንገድ ሊተካው ይሞክራል፤ ድረ-ገጹም መታገዱን የሚያውቀው በዚህ ግጭት ሊሆን ይችላል።

በጉግል ወይም በፌስቡክ አካውንት ለመግባት የተዘጋጀ ቁልፍ ሲጠፋ፣ የአስተያየት ሳጥን ሳይመጣ ሲቀር፣ ቪዲዮ ጥቁር ሲሆን ምክንያቱ አንድ ዓይነት ነው፦ ያ የገጹ ክፍል የሚመጣው ከሌላ ዶሜይን ነው። መፍትሔውም ከላይ ያለው ቅደም ተከተል ነው።

ከዚህ በላይ ጥብቅ ለሚፈልግ

ከዝርዝር ውጭ ያለ አዲስ ትራከር በዝርዝር አይያዝም። ዩብሎክ ኦሪጅን ውስጥ ሚዲየም ሞድ የሚባለው አካሄድ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ከሌላ ዶሜይን የሚመጣ ስክሪፕትና ፍሬም (ገጹ ውስጥ የሚሰካ መስኮት) ሁሉ በነባሪ ይታገዳል፣ እናንተ የሚያስፈልገውን ትፈቅዳላችሁ። ሴቲንግስ ታብ ላይ አይ አም አን አድቫንስድ ዩዘር የሚለውን ምልክት አድርጉ። አይከኑን ስትከፍቱ አሁን ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይመጣል፦ የግራው ለሁሉም ድረ-ገጽ፣ የቀኙ ለተከፈተው ብቻ። በግራው ዓምድ ሰርድ-ፓርቲ ስክሪፕትስ እና ሰርድ-ፓርቲ ፍሬምስ የሚሉትን ቀይ አድርጋችሁ ጓጉንቸር የምትመስለውን የቁልፍ ምልክት ንኩ፤ ካልነካችኋት ደንቡ ብሮውዘሩ ሲዘጋ ይጠፋል።

የመጀመሪያው ሳምንት ያስለፋል። ግማሹ ድረ-ገጽ ጎዶሎ ሆኖ ይከፈታል። የሚያስፈልገውን ዶሜይን በቀኙ ዓምድ ስትፈቅዱ ግራጫ አድርጉት፣ አረንጓዴ አይደለም። ይህ ልዩነት የብዙ ሰው ወጥመድ ነው። አረንጓዴ ማለት «ከዚህ የሚመጣ ሁሉ ይለፍ፣ ዝርዝሩም አይንካው» ነው። ግራጫ ግን እናንተ ያወጣችሁትን ጥቅል ክልከላ ብቻ ያነሳል፤ ኢዚፕራይቨሲና ሌሎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። መጀመሪያ ከድረ-ገጹ ስም ጋር የሚመሳሰለውን፣ ከዚያ ስታቲክ ወይም ሲዲኤን የሚል ያለበትን ሞክሩ፤ ገጹ እንደተስተካከለ አቁሙ፣ ቁልፏን ነክታችሁ አስቀምጡ። ከወር በኋላ የየቀን ድረ-ገጾቻችሁ ሁሉ ስለሚስተካከሉ አዲስ ነገር ስትከፍቱ ካልሆነ አትነኩትም። ባክአፕ ቱ ፋይል የሚለውን ተጠቅማችሁ የደከማችሁበትን ደንብ በፋይል አስቀምጡ።

ኮምፒውተሩን ቴክኖሎጂ የማይወድ ሰውም የሚጠቀምበት ከሆነ ይህን አታድርጉት። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠፋው ኤክስቴንሽኑ ነው።

መጨመር ለምን አይጠቅምም

ፕራይቨሲ ባጀር በኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተሠራ ጥሩ ኤክስቴንሽን ነው። መጀመሪያ ሲወጣ አንድን ትራከር በሦስት የተለያዩ ድረ-ገጾች ላይ ካየው በራሱ ተምሮ ያግድ ነበር። ይህ ትምህርት ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ የእግድ ዝርዝር ስለሚፈጥር፣ ዝርዝሩ ራሱ ሰውየውን መለያ ሊሆን እንደሚችል ታወቀ፤ በ2020 ትምህርቱ በነባሪ ጠፍቶ ሁሉም አንድ ዓይነት ዝርዝር እንዲጠቀም ተደረገ። ከዩብሎክ ጋር ደርቦ መጠቀም ትርፉ ትንሽ ነው። ምንም ነገር ማስተካከል ለማይፈልግ ሰው ግን ብቻውን ይበቃዋል።

የባጀር ታሪክ የሚያስተምረው ነገር ለሁሉም ኤክስቴንሽን ይሠራል። ትራከሮች ያለ ኩኪም የስክሪናችሁን መጠን፣ የሰዓት ክልላችሁን፣ የተጫኑ ፎንቶችንና የግራፊክስ ካርዳችሁን አሣሣል አሰባስበው አሻራ ይሠራሉ። ገጽን የሚለዋውጥ ኤክስቴንሽን በጨመራችሁ ቁጥር ከሌላው ሰው የምትለዩበት ነገር ይጨምራል። የፋውንዴሽኑ ከቨር ዩር ትራክስ የሚባለው መፈተሻ ብሮውዘራችሁ ምን ያህል ልዩ እንደሆነ ያሳያል፤ ኤክስቴንሽን ከመጨመራችሁ በፊትና በኋላ ሞክሩት።

ግንኙነትን ወደ ተመሰጠረ መንገድ የሚያዞረውን ኤችቲቲፒኤስ ኤቭሪዌር ድሮ የጫናችሁ ካላችሁ አስወግዱት። ብሮውዘሮቹ ሥራውን ራሳቸው ስለያዙት ጡረታ ወጥቷል። ለድረ-ገጾች «አትከታተሉኝ» የሚለውን ዱ ኖት ትራክ የሚባል ምልክትም ድረ-ገጾች ስላላከበሩት ፋየርፎክስ በ2025 አንስቶታል። የተተካው ግሎባል ፕራይቨሲ ኮንትሮል ግን በካሊፎርኒያ ሕግ ድጋፍ ስላለው ማብራቱ አይጎዳም፤ ሴቲንግስ ውስጥ ድረ-ገጾች መረጃዬን እንዳይሸጡ ወይም እንዳያጋሩ ንገር የሚለው ነው።

መጨመር ከሚገባው አንዱ ማልቲ-አካውንት ኮንቴይነርስ ነው፣ የሞዚላ የራሱ። የሥራና የግል ኢሜይል፣ ወይም የባንክና የማኅበራዊ ሚዲያ ታብ ቀለም ለይቶ ለየብቻ ያስቀምጣል። ትራከር አያግድም፤ የገባችሁበት አካውንት ሌላ ታብ ላይ እንዳያውቃችሁ ግን ያደርጋል።

ኤክስቴንሽኑን ራሱን መጠርጠር

ማገጃ ሥራውን እንዲሠራ «በሁሉም ድረ-ገጽ ላይ ያለ መረጃ ማንበብና መለወጥ» የሚል ፈቃድ ይሻል። ይህ ማለት የምትጽፉትን የይለፍ ቃል ጭምር ማየት ይችላል። ስለዚህ በብሮውዘራችሁ ውስጥ ከፍተኛው ሥልጣን ያለው እሱ ነው።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራ ያልያዙ ታቦችን የሚያስተኛ ዘ ግሬት ሰስፔንደር የሚባል ተወዳጅ ኤክስቴንሽን ነበር። ወደ ሌላ ባለቤት ከተላለፈ በኋላ ጎጂ ኮድ ስለተገኘበት ጉግል በየካቲት 2021 አስወገደው፤ ተጠቃሚዎቹ የጫኑት ግን ንጹሕ በነበረበት ጊዜ ነበር። በየካቲት 2024 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በአቫስት ላይ 16.5 ሚሊዮን ዶላር ጥሏል፤ በብሮውዘር ኤክስቴንሽንና በጸረ-ቫይረስ ፕሮግራሙ የሰበሰበውን የተጠቃሚዎች የአሰሳ ታሪክ በእህት ኩባንያው በኩል በመሸጡ። የሸጠው «ከመከታተል እንጠብቃችኋለን» ሲል የነበረ ድርጅት መሆኑን ልብ በሉ።

የማትጠቀሙበትን ኤክስቴንሽን ማጥፋት ሳይሆን ማስወገድ ነው። ክሮም ላይ የቀሩትን፣ ተርጓሚም ይሁን ሰዋስው አራሚ፣ ሳይት አክሰስ የሚለውን ኦን ክሊክ አድርጉት፤ ስትነኩት ብቻ ገጹን ያያል። ማገጃው ግን በሁሉም ላይ መሆን አለበት። አንድ የቆየ ኤክስቴንሽን ከአፕዴት በኋላ አዲስ ፈቃድ ከጠየቀ ከመቀበላችሁ በፊት ባለቤቱ ተለውጦ እንደሆነ እዩ።

ስልክ ላይ፣ ከብሮውዘር ውጭም

አንድሮይድ ላይ ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። ፋየርፎክስ ይቀበላል፤ ሜኑ፣ ኤክስቴንሽንስ፣ ዩብሎክ ኦሪጅን፤ አሠራሩ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳለው ነው። አይፎን ላይ ሳፋሪ የሚጠቀም ሰው ዩብሎክ ኦሪጅን ላይትን ከአፕ ስቶር አውርዶ በስልኩ ሴቲንግስ ውስጥ ከሳፋሪ ኤክስቴንሽኖች መካከል ያበራዋል። አብርቶ ለሁሉም ድረ-ገጽ ካልፈቀደለት ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ከማኅበራዊ ሚዲያ አፕ ውስጥ ሊንክ ስትነኩ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው የአፑ የራሱ ብሮውዘር ነው፤ ኤክስቴንሽናችሁ እዚያ የለም። ከሦስቱ ነጥቦች ሥር በብሮውዘር ክፈት የሚለውን ምረጡ፣ ወይም ሊንኩን ገልብጣችሁ ፋየርፎክስ ላይ ለጥፉት።

ኤክስቴንሽን የአይፒ አድራሻችሁን ከጎበኛችሁት ድረ-ገጽ አይሸሽግም፣ የኢንተርኔት አቅራቢያችሁም የከፈታችሁትን የድረ-ገጽ ስም ከማየት አይከለክልም። በአካውንታችሁ ገብታችሁ የምትፈልጉትን የአካውንቱ ባለቤት ያውቀዋል። ኢሜይል ውስጥ የተደበቀው 1 በ1 ምስል ደግሞ መልእክቱን መቼ እንደከፈታችሁ ለላኪው ይነግራል፤ ጂሜይል ላይ ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ ኢሜጅስ ገብታችሁ ውጫዊ ምስል ከማሳየት በፊት ጠይቅ የሚለውን ምረጡ። የስልኩ አፕ ላይ የራሱ ተመሳሳይ ምርጫ ስላለው እዚያም መሆኑን አረጋግጡ።